አጥንት በውስጥ፣ አጥንት በላይ

በመኝታ ቤቴ መስኮት ደፍ ላይ አንድ ባዶ ሸርጣን አለ። ባዶ ስል ሥጋው የተበላ ማለቴ አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ ወጥቶ የሄደበት ልብስ ነው። ስምንቱ እግሮች አሉ፣ ሁለቱ መቆንጠጫዎች አሉ፣ የዓይኖቹ ሽፋን እንኳ በቦታው አለ። ወደ ብርሃን ሲያነሡት ፀሐይ እንደ ስስ ወረቀት ያልፍበታል። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ መጀመሪያ ያየችው ቀን፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ራቅ ብላ ቆመች።

“ይህን የሞተ ነገር ምን ብለህ ቤት አስገባኸው?”

“አልሞተም እማዬ። ልብሱን ጥሎ ሄዶ ነው።”

“ከነጥፍሩ?”

“ከነጥፍሩ።”

ቀረብ ብላ አየችው። ጣቷን ግን አላስነካችውም። “ታዲያ እሱ ምን ለብሶ ሄደ?” አለችኝ።

መልስ አልሰጠኋትም። ያን ጊዜ የማውቀው መልስ “ምንም” የሚል ነበር፤ ያን ማለት ደግሞ ከበደኝ። ጥያቄዋን ከልቤ የያዝኩት በኋላ ነው፤ እሷ ራሷ ወድቃ፣ እኔም ሌሊት ሌሊት ስለ አጥንት ማሰብ በጀመርኩ ጊዜ።

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ፣ በሜሪላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከክሪስፊልድ ብዙም ሳይርቅ፣ ሸርጣን በሚጠበቅበት ዳስ ውስጥ ሠርቻለሁ። የሚጠበቅበት ያልኩት ሌላ ቃል አጥቼ አይደለም፤ ሥራው በሙሉ መጠበቅ ነበር። ጥልቀት የሌላቸው ሰፋፊ ገንዳዎች ተደርድረዋል። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውሃ ቀንና ሌሊት በፓምፕ ይፈስባቸዋል። ከላይ አምፖል ተንጠልጥሏል። በገንዳዎቹ ውስጥ ቅርፊታቸውን ሊጥሉ የተቃረቡ ሸርጣኖች አሉ፤ እኛም በየሦስት በየአራት ሰዓቱ ከእንቅልፋችን እየተነሣን እናያቸዋለን።

የቼሳፒክ ሰማያዊ ሸርጣን በዕድሜው ሃያ ጊዜ ያህል ልብሱን ይቀይራል። የኛ አጥንት ከውስጥ ሆኖ ከሥጋችን ጋር አብሮ ያድጋል። የእሱ አጥንት ግን ከውጭ ነው፤ አንዴ ከጠነከረ አይሰፋም። ስለዚህ ለማደግ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሰብሮ መውጣት። ለዚህም ቀደም ብሎ ይሰናዳል። ከአሮጌው ቅርፊት ሥር ሌላ፣ ለስላሳ፣ እንደ ታጠበ ጨርቅ የተጨማደደ ቅርፊት ያበጃል። ከአሮጌውም ጥቂት የሚጠቅመውን ወደ ሰውነቱ ይመልሳል። መብላት ያቆማል።

ይህን ስንዱነት ከውጭ የሚያሳብቅ ምልክት አለ። ያስተማረኝ የዳሱ ጌታ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በውሃው ላይ የኖረ ሽማግሌ አጥማጅ። የመጨረሻዎቹን እግሮች፣ እንደ መቅዘፊያ የተዘረጉትን፣ ወደ አምፖሉ አንሥቶ ጠርዛቸውን አሳየኝ። እዚያ የክር ያህል መስመር አለች። ነጭ ከሆነች ለሸርጣኑ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀረዋል፤ ሮዝ ከሆነች ሳምንት አይሞላውም፤ ቀይ ከሆነች ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አልታየኝም። ሽማግሌው አልተቆጣኝም፤ “ተወው፣ ራሱ ይታይሃል” ብቻ ይለኝ ነበር። አንድ ሌሊት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ሮዟን ከነጯ ለየኋት። ብቻዬን ነበርኩና የምነግረው ሰው አልነበረም። የዚያች ሌሊት ደስታ እስካሁን አብሮኝ አለ።

ሰዓቱ ሲደርስ ቅርፊቱ ከኋላ በኩል፣ የጀርባው ክዳን በሚያበቃበት፣ ይሰነጠቃል። ሸርጣኑ የሚወጣው ወደ ኋላው ነው። እያንዳንዱን እግር ከየእጅጌው ይመዛል። ከሁሉ የሚከብደው መቆንጠጫው ነው፤ ያ ወፍራም ሥጋ በጠባቡ አንጓ ማለፍ አለበትና አስቀድሞ ይቀጥናል። የሚጥለውም የላይ ልብሱን ብቻ አይደለም። የስንጥቡን ሽፋን፣ የጨጓራውን ገበር፣ በጨጓራው ውስጥ ምግብ የሚፈጭባቸውን ጥርሶች ሳይቀር ትቶ ይሄዳል። በዚህ መካከል የሚሞት አለ፤ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ እንደተያዘ ጠዋት እናገኘዋለን። በሰላም የወጣው ወዲያው ውሃ ወደ ውስጡ ይስባል፤ ያብጣል፤ የተጨማደደው አዲስ ልብስ ይዘረጋል። ከነበረው ሲሶ ያህል ገዝፎ ይታያል።

ዳሱ የተሠራው ከዚያ በኋላ ላሉት ጥቂት ሰዓታት ነው። ሸርጣኑ በዚያ ጊዜ ሲይዙት እንደ ሕፃን ጆሮ ለስላሳ ነው። መቆንጠጥ አይችልም። መሸሽም እምብዛም አይሆንለትም። በውሃው ውስጥ ቢተዉት በግማሽ ቀን ቅርፊቱ ወረቀት ይመስላል፣ በሁለት በሦስት ቀን ይጠነክራል። ማጠንከሪያውን ካልሲየም በአብዛኛው የሚያገኘው ከውሃው ስለሆነ፣ ከውሃ ሲያወጡት ባለበት ይቀራል። ገበያው የሚፈልገውም ይህንኑ ለስላሳውን ነው፤ ከነሁለመናው ተጠብሶ ይበላል። እኔ አልቀመስኩትም፤ እንደ ዓሣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት በቤታችን አይበላም። ግን በየሌሊቱ ከገንዳ እያወጣሁ በእርጥብ ወረቀት ላይ የደረደርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ብቻ ቢያገኝ እኮ ጣቴን ቆንጥጦ ያመልጠኝ ነበር እያልኩ ነበር የምደረድረው።

ከዳሱ ውጭ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ቢሆን ለዚህ ሰዓት የሚደበቅበትን ይፈልጋል፤ በሣር ሥር፣ በጉድጓድ ውስጥ። ሴቷ የመጨረሻውን ልብሷን የምትጥለው ግን ብቻዋን አይደለም። ወንዱ አስቀድሞ ከሥሩ አቅፎ ይይዛታል፤ ለስላሳ ሆና ስትወጣ ይገናኛታል፤ ከዚያም ቅርፊቷ እስኪጠና ድረስ አቅፏት ይቆያል። ዳሱ ውስጥ ሁለቱን አንድ ላይ ሳይ ዓይኔን አነሣ ነበር፤ የማየት መብት ያለኝ አይመስለኝም ነበር።

ሳይንሳዊ ስሙን ያወጣችለት ሜሪ ጄን ራትበን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1896። ካሊኔክቴስ ሳፒደስ አለችው፤ ውብ ዋናተኛ፣ ጣፋጭ እንደማለት ነው። ኮሌጅ ያልገባች ሴት ነበረች፤ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ተቋም ዕድሜዋን ሸርጣን ስትመረምር አሳለፈች። በ1914 ለረዳቷ ለዋልዶ ሽሚት የሚከፈል ገንዘብ እንዲገኝ ብላ የራሷን ደመወዝ ለቀቀች። ሥራውን ግን አልለቀቀችም፤ ያለ ክፍያ ቀጠለች። ልብስ ስለሚጥል ፍጥረት ስትጽፍ የኖረች ሴት እንዲህ ማድረጓን ሳስብ ፍቅር ያድርብኛል።

እናቴ የወደቀችው በጥር ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በረዶ በሸፈነው ደረጃ ላይ። ዳሌዋ ተሰበረ። “ደብረ ታቦር ቢሆን ወጌሻው ቅቤውን አሙቆ፣ አሽቶ፣ አሥሮ ይመልሰኝ ነበር” አለች አልጋ ላይ ሆና፤ ስታለቅስ አይደለም፣ እንደ ነገሩ ነው የተናገረችው። እዚህ ግን ቀደው ብረት ከተቱላት። በማግስቱ ተነሽ አሏት። ቆመች፤ ግን ፍርሃት ገባባት፤ ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ከገባች በኋላ ከአልጋዋ መውረድ እምቢ አለች። ደም በእግሯ ሥር እንዳይረጋ በየቀኑ ሆዷ ላይ መርፌ እወጋታለሁ። ልጅ እናቱን መርፌ ሲወጋ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ አልተወኝም።

እንቅስቃሴ ልታሠራት የምትመጣ ወጣት ባለሙያ ነበረች፤ በምዕራብ ቨርጂኒያ ተራራ ሥር ያደገች። አንድ ቀን፣ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ ባዞረችበት ቀን፣ “ንገራት፤ ተኝቶ አጥንቱ የሚጸናለት ድብ ነው” አለችኝ። ነገርኳት።

“የምን ድብ?” አለች እናቴ ዞር ብላ።

እናቴ ድብን የምታውቀው ከመጽሐፍ ነው። በኢትዮጵያ ድብ የለም። በመላው አፍሪካም ዛሬ በዱር የሚኖር የለም፤ በሰሜን ጫፍ በአትላስ ተራሮች የነበረውም ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቃሉ ግን በግዕዙም በአማርኛውም ከኛ ጋር ኖሯል፦ ዳዊት በጎቹን ሲጠብቅ የገደለው፣ ለኤልሳዕ ከዱር የወጡት፣ ግልገሎቿን ተነጥቃ የምትቆጣው። ሰው ያላየውን አውሬ በስሙ ብቻ ከሺህ ዓመት በላይ ሲፈራ መኖሩ ይገርመኛል። “ቁጡ ነው አይደል?” አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ስለ ድብ ያነበብኩትን እነግራት ጀመር።

ዋሽንግተን አካባቢ ካለው ቤታችን ወደ ምሥራቅ ቢሄዱ ቼሳፒክ ነው። ወደ ምዕራብ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ሲል የብሉ ሪጅ ተራሮች አሉ፤ በላያቸው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተዘርግቷል። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ለእሱ ሲባል አምስት መቶ ያህል ቤተሰቦች ከተራራው ተነሥተዋል፤ ብዙዎቹ ሳይወዱ። ያን ጊዜ ተራራው ታርሶ፣ ተግጦ፣ ዛፉ ተቆርጦ ስለነበር ድብ ከስፍራው ጠፍቶ ነበር ለማለት ይቻላል። ደኑ ሲመለስ ጥቁር ድብ ተመለሰ፤ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሉ። ስለ ድቡ መመለስ ደስ ሲለኝ፣ የነዚያ ሰዎች የምድጃ ድንጋይ ዛሬም በዛፎች መካከል እንደሚገኝ እያስታወስኩ ነው።

በመጸው ድቧ ትበላለች። የባሉጥ ፍሬ ሲረግፍ ቀንና ሌሊት ትለቅማለች። ስቧ ይከማቻል። በታኅሣሥ ወደ ጎሬዋ ትገባለች፤ በነዚያ ተራሮች ብዙ ጊዜ ጎሬው በትልቅ ባሉጥ ግንድ ውስጥ ያለ ክፍተት ነው፤ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ዛፍ ላይ። እዚያ ሦስት ወር፣ አራት ወር ትተኛለች። አትበላም። አትጠጣም። አትሸናም፤ ዓይነ ምድርም አይወጣትም። በኛ ሰውነት ቢሆን በሽንት የሚወጣው፣ ባይወጣ የሚመርዘን ዩሪያ፣ በእሷ ውስጥ ተፈትቶ ዳግመኛ ፕሮቲን ይሆናል። ከሰውነቷ የሚባክን ነገር የለም ማለት ይቻላል።

በአላስካ ፌርባንክስ ተመራማሪዎች አምስት ጥቁር ድቦችን ክረምቱን ሁሉ ተከታትለው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመዋል። በደቂቃ 55 ጊዜ ይመታ የነበረው ልብ ወደ 14 ወርዷል። በአንዱ ትንፋሽና በቀጣዩ መካከል ልቡ ጭራሹን የሚያርፍበት ጊዜ አለ። የሚያቃጥሉት ጉልበት ከተለመደው ሩቡን ያህል ነው፤ የሰውነታቸው ሙቀት ግን ብዙም አልቀነሰም፤ በ30 እና በ36 ዲግሪ መካከል ሲወጣ ሲወርድ ከርሟል። ይህን ለእናቴ ስነግራት፣ “እንደ ባሕታዊ ነው በለኛ” አለች። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ንስሐ አባቷ በስልክ፣ “ሕመምተኛ ነሽ፣ ወተት ጠጪ፤ ጾሙን እኔ አስቤልሻለሁ” ብለዋት እንኳ ብርጭቆውን ሳመጣላት ትንሽ ትቆዝማለች። ለዓመታት 55ቱን ቀን ያለ አንድ ጉድለት የጾመች ሴት ናት። ድቧ ስንት ቀን እንደምትቆይ ጠየቀችኝ። መቶም ይሞላል፣ ከመቶም ያልፋል አልኳት። “መቶ!” አለችና ወተቱን ጠጣች።

አሁን ወደ አጥንቱ ልምጣ። ሰው ተኝቶ ሲከርም አጥንቱ ይሳሳል። አጥንት ሁልጊዜ እየፈረሰ ሁልጊዜ የሚገነባ ነገር ነው፤ ሸክም ካጣ መፍረሱ ይበረታል፣ መገንባቱ ይደክማል። ክብደት በሌለበት በኅዋ ላይ የሚኖሩ ጠፈርተኞች ከዳሌ አጥንታቸው በወር ከመቶ አንድ እስከ አንድ ተኩል ያህል ያጣሉ። ከአጥንት የወጣው ካልሲየም ደም ውስጥ ይገባል፣ በሽንት ይፈስሳል፣ ይሄዳል። ድቧ ግን አትሸናምና የሚሄድበት በር ዝግ ነው። በእሷ ውስጥ መፍረሱም መገንባቱም አንድ ላይ ይቀንሳሉ፤ ሚዛኑ አይዛባም። ሚያዝያ ላይ ስትነሣ አጥንቷ እንደተኛችበት ቀን ነው። ደሟም በሥሯ ውስጥ አይረጋም። በ2023 የታተመ ጥናት በስካንዲኔቪያ ቡናማ ድቦች ላይ እንዳሳየው፣ ደም ለማርጋት የሚያግዝ ኤችኤስፒ47 የተባለ ፕሮቲን በክረምት እንቅልፋቸው እጅግ ይቀንሳል። ይህንኑ ፕሮቲን ዝቅ ብሎ ያገኙት የጀርባ አጥንታቸው ተጎድቶ ለረጅም ዘመን ሳይንቀሳቀሱ በኖሩ ሰዎችም ላይ ነው። ሰውነት ረጅም ዝምታን ሊማር ይችላል ማለት ነው። አደጋው እንደ እናቴ ድንገት ለተኛ ነው። መርፌውን ስይዝ ይህ ትዝ ይለኛል።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ደግሞ ትወልዳለች። ከወንዱ የተገናኘችው በሰኔ ነው። ጽንሱ ግን የአሸዋ ቅንጣት ያህል ሆኖ በማሕፀኗ ሳይጣበቅ ወራት ይቆያል። በኅዳር፣ ስቧ ከበቃ፣ ይጣበቃል። ካልበቃ አይጣበቅም፤ ነገሩ በዚያው ይቀራል። የባሉጥ ፍሬ በጠፋበት ዓመት ግልገል የሚያንሰው ለዚህ ነው። በጥር ሁለት ወይም ሦስት ግልገሎች ይወለዳሉ፤ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ አንዳቸውም ግማሽ ኪሎ የማይሞሉ። ሳትበላ ታጠባቸዋለች። ወተቷ ውስጥ ያለው ካልሲየም የራሷ ነው፤ ከየትም አልመጣም።

ሁለቱን ፍጥረታት ማስተያየት የጀመርኩት በነዚህ ማታዎች ነው። ከአንድ ወላጅ ከተለያዩ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የአንዷ ደም በብረት ቀይ ነው፤ የሌላው በመዳብ ወደ ሰማያዊ ያደላል። አንዷ አጥንቷን በሥጋዋ ሸፍናለች፤ ሌላው ሥጋውን በአጥንቱ ሸፍኗል። በዓመት ውስጥ ግን ሁለቱም ከዓለም ዞር የሚሉበት ጊዜ አላቸው፤ ሁለቱም በዚያ ጊዜ ይጾማሉ፤ የሁለቱም ምሥጢር አጥንታቸው ላይ ነው። ድቧ አንዲት ፍርፋሪ ሳትጥል ትወጣለች። ሸርጣኑ ሁሉን ጥሎ ይወጣል። ብዙ ዘመን ሸርጣኑ ደፋር፣ ድቧ ንፉግ ትመስለኝ ነበር። እናቴን ለሁለት ወር ካጠብኩ፣ ካገላበጥኩ፣ ካበላሁ በኋላ እንደዚያ አይመስለኝም። ቆጥቦ መያዝም ድፍረት ይጠይቃል።

ቼሳፒክ ውስጥ ያለው ሸርጣንም ክረምት አለው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይቀበራል። በየክረምቱ ተመራማሪዎች በመርከብ እየዞሩ 1,500 ያህል ቦታ ላይ ጭቃውን እየጫሩ ይቆጥሯቸዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ። በ2022 በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ያለው ሁሉ ሲገመት 227 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ፤ ቆጠራው ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም። በ2025 ደግሞ 238 ሚሊዮን፤ ከታች ሁለተኛው። በዳሱ ያገኘሁት ሽማግሌ ይህን ሰምቶ ይሆን እላለሁ። ተራራው ላይ ድብ ሲበዛ፣ በውሃው ውስጥ ሸርጣን እያነሰ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለነው እኛ ነን።

በመካከላችን ውሃም ይሄዳል። የሸናንዶዋ ወንዝ ከነዚያ ተራሮች ሥር፣ በኖራ ድንጋይ ሸለቆ ውስጥ ይፈስሳል፤ ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ፖቶማክን ይቀላቀላል፤ ፖቶማክ በዋሽንግተን አጠገብ አልፎ ቼሳፒክ ይገባል። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ነው። ድቧ ከተኛችበት ተራራ የወረደው ዝናብ ከድንጋዩ እያሟሟ፣ በኛ ከተማ በኩል እያለፈ፣ ልብሱን ለጣለው ሸርጣን ከሚደርሰው ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ድልድይ ላይ ሆኜ ወንዙን ሳይ ከዚህ ሌላ አይታየኝም።

የእናቴን ጥያቄ መልስ ያገኘሁትም ያን ሰሞን ነው። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጄኒፈር ቴይለርና ዊልያም ኪየር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ ሰማያዊ ሸርጣን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። አጥንት የሌለው ጡንቻ ምን ላይ ተደግፎ ይንቀሳቀሳል ብለው ነው የተነሡት። ያገኙት፣ ቅርፊቱ ለስላሳ በሆነበት ጊዜ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ተወጥሮ አጥንት ሆኖ ያገለግለዋል የሚል ነው። ቅርፊቱ ሲጠነክር ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

“እማዬ፣ ያ ሸርጣን ምን ለብሶ እንደሄደ ጠይቀሽኝ ነበር።”

“አዎ፣ አልመለስክልኝም።”

“ውሃ ነው። ከውስጥ። አጥንቱ እስኪመጣ ድረስ ውሃው ያቆመዋል።”

ብዙ ጊዜ ዝም አለች። የተኛች መስሎኝ መብራቱን ላጠፋ ስል፣ “ሁላችሁንም እንደዚያ ነው የያዝኳችሁ” አለች። ሆዷን ማለቷ ነው። ሰባት ወልዳለች።

ከዚያ በኋላ ነበር በአገር ቤት ያለውን የጉማራን ወንዝ ያነሣችልኝ። ልጅ ሳለች ከእኩዮቿ ጋር ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ድንጋይ እያነሡ ሸርጣን ያዩ ነበር፤ ትንንሽ፣ ጭቃ የመሰለ። አንዷን ገልብጠው ሲያዩ በሆዷ ክዳን ሥር ልጆቿ ታጭቀው ነበር፤ እያንዳንዳቸው ሙሉ ሸርጣን፣ የጤፍ ያህል። ይህን ስትነግረኝ መጀመሪያ አላመንኳትም። የቼሳፒኳ ሸርጣን የፈለፈለቻቸውን በሚሊዮን ቆጥራ ለባሕሩ ትለቃለች፤ የተፈለፈሉት እናታቸውን አይመስሉም፣ አያውቋትምም። ኋላ ሳነብ እናቴ ልክ ሆና ተገኘች። የአፍሪካ የወንዝ ሸርጣኖች በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ጨቅላ የላቸውም፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው ትንሽ ሸርጣን ነው፤ እናቱም በሆዷ ሥር ታቅፈዋለች። ራትበን ስለ ጨው አልባ ውሃ ሸርጣኖች በፈረንሳይኛ የታተመ ትልቅ ሥራ ጽፋለች። እናቴ ደግሞ በስምንት ዓመቷ ድንጋይ አንሥታ አይታለች። “ታዲያ መልሰን ድንጋዩን ከደንነው” አለች፤ “እናት አይደለች።”

ድቧንና ሸርጣኑን ጎን ለጎን ያየሁት በሰማይ፣ በስማቸው በሚጠሩት ከዋክብት ነው። በሚያዝያ ምሽት ከዚህ ቀና ብትሉ ድቧ ከአናታችሁ በስተሰሜን፣ ሸርጣኑ በስተደቡብ ይሆናሉ፤ እሱ ደብዛዛ ነው፣ ከተማ ውስጥ አይታይም። እዚህ የድቧ ሰባት ከዋክብት ከአድማስ በታች እምብዛም አይወርዱም፤ አላስካ ላይ ጭራሹን አይጠልቁም። በኛ አገር ግን ሸርጣኑ ነው በአናት በኩል የሚያልፈው። ድቧ ሰሜኑን ታክካ ትወጣና ትጠልቃለች። ድብ በሌለበት አገር የሰማይዋ ድብ በየቀኑ ጎሬዋ ትገባለች ማለት ነው።

እናቴ በፋሲካ ማግስት በመደገፊያ ብረት እየተራመደች ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ደረሰች። ብዙ አትበላም ነበር፤ አላስጨነቅኳትም። ድቧም ከወጣች በኋላ ለሁለት ሦስት ሳምንት ሰውነቷ ገና በግማሽ ነው የሚሠራው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። በግንቦት ሁለተኛ ሳምንት፣ “ያቺን ድብ የምታሳየኝ መቼ ነው?” አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መደገፊያውን መኪናው ኋላ አጥፌ ጫንኩና ወጣን። በተራራው ጫፍ ጫፍ የሚሄደው መንገድ 169 ኪሎ ሜትር ነው። ቀስ እያልኩ ነዳሁ። ዛፎቹ ገና ቅጠል እያወጡ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ምንም አላየንም። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ዝም ብላ ነበር። አንድ ጠመዝማዛ ጋ ስንደርስ ድቧ ከመንገዱ ግራ ወጣች።

መኪናውን አቆምኩ። ከስታለች፤ ጸጉሯ በጎኗ ላይ ሰፍቷታል። አካሄዷ ግን ጽኑ ነበር፤ እያንዳንዱን እግር ሙሉ በሙሉ እያሳረፈች። ከኋላዋ ሁለት ግልገሎች እየተጋፉ መጡ። መንገዱን አቋርጠው በቀኝ በኩል ሣሩ ውስጥ ገቡ። እናቴ መስኮቱን ሳትከፍት ግንባሯን መስታወቱ ላይ አድርጋ ታያለች። ከኋላችን የቆመው መኪና መንቀሳቀስ ሲጀምር እኔም ማርሹን አስገባሁ።

“ቆይ፣ አትንዳ” አለችኝ። “ዞራ እያየች ነው። የቀረ አለ።”

ድቧ ሣሩ ዳር ላይ ቆማ ወደመጣችበት ታይ ነበር። እኔ ምንም አላየሁም። ቆየን። ከግራ በኩል ካለ ባሉጥ ላይ፣ ወደ ኋላው፣ ግንዱን በጥፍሩ እየቆነጠጠ፣ ሦስተኛው ወረደ።